መራጩ ማሽን ሲሆን የእናትነት ዓመታት ባዶ ናቸውን?

ዓለም ባንክ በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፊ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በዚህ ሰፈር የምትኖር አንዲት የሁለት ልጆች እናት፣ ስሟ እንዳይጠቀስ አደራ ብላ ያጫወተችን ጉዳይ ለዛሬው ዓምዳችን መነሻ ሆኗል። ጉዳዩ የእርሷ ብቻ አይደለም። ልጅ ለማሳደግ ወይም በሽተኛ ለማስታመም ስትል ከሥራ ርቃ ቆይታ እንደገና ለመመለስ የምታስብ የማንኛዋም ሴት ጉዳይ ነው።

ይህች እናት በ2006 ዓ.ም. በሂሳብ አያያዝ ትምህርት በዲግሪ ተመርቃለች። ከ2007 እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስም በአንድ የንግድ ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት አገልግላለች። ሁለተኛ ልጇን በወለደች ሰሞን ግን የባለቤቷ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና አልጋ ያዙ። ሞግዚትና አስታማሚ ለመቅጠር የቤቱ ገቢ አልፈቀደም። ስለዚህ ሥራዋን ለቀቀች። «ለአንድ ዓመት ብዬ ነበር የገባሁት» ትላለች። አንዱ ዓመት አምስት ሆነ።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም ታናሹ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ። አማቷም በምርኩዝ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመሩ። የቤት ኪራዩ ደግሞ ጨምሯል። ስለሆነም ሥራ መፈለግ ጀመረች። በስልኳ ከተመለከተቻቸው ማስታወቂያዎች አንዱ በውጭ አገር የሚገኝ ድርጅት ከቤት ሆነው የሚሠሩ የሂሳብ ባለሙያዎችን እንደሚፈልግ የሚገልጽ ነበር። ከቤት ሳትርቅ መሥራት መቻሏ አስደሰታት። በማስታወቂያው ግርጌ «የመጀመሪያው ማጣሪያ የሚከናወነው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሮ ነበር። እርሷም አንብባ አለፈችው።

በምትኖርበት ግቢ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም በሌሊት ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልጆቹ ተኝተው ሳለ፣ ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር ደቅና ማመልከቻውን በስልኳ ሞልታ ላከች። ጀሪካኑ ገና ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ። መልሱ መጥቶ ነበር። «ስላመለከቱ እናመሰግናለን። ወደሚቀጥለው ደረጃ ግን አላለፉም» ይላል። «የተማርኩትን፣ የሠራሁትን ሁሉ ጀሪካን እስኪሞላ ድረስ አይቶ ጨረሰው?» ስትል በወቅቱ የተሰማትን ገልጻልናለች።

በማግሥቱ ነገሩን ለቤተሰቡ አጫወተች። ባለቤቷ በቅንነት፣ «ኮምፒዩተር እኮ ዘመድ የለው፣ ጉቦ አይበላ። እርሱ ካላሳለፈሽ ሙያው ርቆሻል ማለት ነው» አላት። አማቷ ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ለመሆኑ ማን አየሽ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሰው አላየኝም እማማ። ማሽን ነው» አለቻቸው።

«ካላየሽማ ምኑን ፈረደ?» አሉ እማማ።

ይህች እናት ያመነችው ግን የባለቤቷን ቃል ነበር። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ያህል አንድም ማመልከቻ አልጻፈችም። የዛሬው ጽሑፋችን ሊመልስ የሚሞክረውም ከባልና ከአማት የማን አስተያየት ወደ እውነቱ ይቀርባል የሚለውን ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ለባለቤቷ ሐሳብ ተገቢውን ዋጋ እንስጥ። ሰው መራጭ በሆነበት ጊዜ ሁሉ ፍትሕ ነበር ማለት አይቻልም። አራት ኪሎ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከብበው ሲያነቡ የዋሉ፣ ጋዜጣ ተከራይተው ክፍት የሥራ ቦታ ሲፈልጉ የኖሩ ሁሉ ይህን ያውቁታል። ማመልከቻውን ይዞ የሚሄድ ብዙ ሲሆን፣ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ በውስጥ ያለው ግን ከሌላው ይቀድም ነበር። ሴት አመልካች ደግሞ ወንዱ የማይጠየቀውን ትጠየቃለች። «አግብተሻል ወይ? ልትወልጂ ታስቢያለሽ ወይ?» የሚሉት ጥያቄዎች ዛሬም ከፈተና ክፍል አልጠፉም። ስለዚህ ዘመድ የሌለው፣ ፊት አይቶ የማያዳላ መሣሪያ መጣ ሲባል ሴቶች ተስፋ ቢያደርጉ አያስደንቅም። ለአንድ ቦታ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚደርሰው ቀጣሪም መሣሪያውን ቢመኝ ምክንያት አለው።

ይሁንና መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥራው በአጭሩ ሲገለጽ በሦስት ይከፈላል። መጀመሪያ የቀረበለትን የሥራ ልምድ መግለጫ ይቆራርጥና ስሙን በአንድ ሣጥን፣ ትምህርቱን በሌላ ሣጥን፣ የሥራ ዘመኑን በሦስተኛው ሣጥን ያስቀምጣል። ቀጥሎ ቀጣሪው «ይህ የሌለው አይለፍ» ብሎ ባዘዘው መሠረት ይጥላል። በመጨረሻም የቀሩትን ቀደም ሲል ተቀጥረው ከነበሩ ወይም ለቦታው ተስማሚ ከተባሉ ሰዎች ጋር እያመሳሰለ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ ይሰጣቸዋል። እንግዲህ መሣሪያው አዲስ ፍርድ አይፈጥርም። የትናንቱን የሰዎች ምርጫ ተምሮ ዛሬ ይደግመዋል።

ይህን ለቤት እመቤት በወንፊት ማስረዳት ይቻላል። ወንፊት ራሱ ለማንም አያዳላም። ነገር ግን ቀዳዳውን ያበጀው ሰው ነው። በዱቄት ወንፊት ክክ የሚነፋ ቢኖር ደኅናው ክክ ከላይ ቀርቶ ከገለባው ጋር ይደፋል። ጥፋቱ የክኩ አይደለም። ወንፊቱም ቢሆን የተሠራበትን ሥራ ነው የሠራው። ተጠያቂው የነፋው ሰው ነው።

ይህ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን በተግባር የታየ ነገር ነው። አማዞን የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአመልካቾችን የሥራ ልምድ መግለጫ አንብቦ ነጥብ የሚሰጥ መሣሪያ እያዘጋጀ ነበር። መሣሪያው እንዲማርበት የተሰጠው ኩባንያው በአሥር ዓመታት ውስጥ የተቀበላቸው ማመልከቻዎች ነበሩ። አብዛኞቹ አመልካቾች ወንዶች ስለነበሩ መሣሪያው ወንድ መሆን ጥሩ ሠራተኛ ከመሆን ጋር የተያያዘ አድርጎ ወሰደው። በመግለጫው ላይ «የሴቶች» የሚል ቃል ሲያገኝ፣ ለምሳሌ አንዲት አመልካች የሴቶች የቼዝ ክበብ መሪ እንደነበረች ስትጽፍ፣ ነጥብ ይቀንስ ጀመር። ከሁለት የሴቶች ኮሌጆች የተመረቁትንም ዝቅ ያደርግ ነበር። ይህን ሮይተርስ የተባለው የዜና ወኪል በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳወቀ። ኩባንያው ቀጣሪዎቹ በመሣሪያው ውሳኔ እንዳልሠሩበት ገልጿል። ሥራውንም አስቀድሞ አቋርጦት ነበር። መሣሪያውን ሴት እንዲጠላ ያስተማረው ማንም አልነበረም። ያየውን ብቻ ነው የተማረው።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ እጅግ ረቀቁ። ችግሩ ግን አልጠፋም። በ2024 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ550 በላይ እውነተኛ የሥራ ልምድ መግለጫዎችን ወስደው ስሞቹን ብቻ እየለዋወጡ ለሦስት ዘመናዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች አቀረቡ። የነጭ አሜሪካዊ የሚመስሉ ስሞች በመቶ 85 ጊዜ ሲመረጡ፣ የሴት የሚመስሉ ስሞች የተመረጡት በመቶ 11 ጊዜ ብቻ ነበር። ከስሙ በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ወደ ዓለም ባንኳ እናት ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላ ጥናት ነው። የሐርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት አክሴንቸር ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በጀርመን የሚገኙ ቀጣሪዎችን መርምሯል። ከእነዚህም ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከስድስት ወር በላይ ከሥራ ርቆ የቆየን አመልካች መሣሪያው በራሱ እንዲጥል አድርገው ያዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ስድስት ወር ምን ያህል እንደሆነ እናቶች ያውቁታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ የዕረፍት ቀናት ይሰጣል። አንዲት እናት ከዚያ በላይ ጥቂት ወራት ብትጨምር የስድስት ወሩን ገደብ ታልፋለች ማለት ነው። ወንፊቱ የሚጥለው ሰነፍን ሳይሆን አስታማሚንና አሳዳጊን ይሆናል። በአብዛኛው ቤት ደግሞ አስታማሚዋም አሳዳጊዋም ሴት ናት።

በዚህ ላይ የእኛ አገር ሰዎች የምንገናኘው አንድ ልዩ እንቅፋት አለ። እርሱም የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ከዚህች እናት ጋር ሆነን የላከችውን መግለጫ ስንመለከት አንድ ነገር ዓይናችንን ሳበው። ዲግሪዋ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር በመሆኑ የተመረቀችበትን ዘመን 2014 ብላ ሞልታዋለች። የሥራ ዘመኗን ግን ከመሥሪያ ቤቷ ማስረጃ ላይ እንዳለ ገልብጣ «ከ2007 እስከ 2013» ብላ ጽፋለች። እኛ ስናነበው ችግር የለበትም። ማሽኑ ግን ሁሉንም በአንድ አቆጣጠር ነው የሚያነበው። ለእርሱ ይህች ሴት ዲግሪ ሳይኖራት በሂሳብ ባለሙያነት የሠራች፣ ሥራዋን ባቆመች በዓመቱ የተመረቀች፣ ከ2013 ጀምሮም ምንም ሳትሠራ አሥራ ሁለት ዓመት የተቀመጠች ናት። አምስቱ የማሳደግና የማስታመም ዓመታት አሥራ ሁለት ሆኑ። አገልግሎቷም ከትምህርቷ ተለይቶ ዋጋ አጣ።

መሣሪያው የጣላት በዚህ ምክንያት ነው ብለን አንደመድምም። ድርጅቱ ምክንያቱን አልነገራትምና። ዋናው ቁም ነገርም ይኸው ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ «ይህ ዘመን አልገባኝም፣ አስረጂኝ» ማለት በቻለ ነበር። እርሷም በአንድ ቃል ባስረዳች። ማሽኑ ግን ግራ ሲገባው አይጠይቅም፣ ይጥላል። እማማ «ካላየሽማ ምኑን ፈረደ?» ያሉት ሳይማሩ የደረሱበት እውነት ነው። የታየችው ሴትዮዋ ሳትሆን በሣጥን የተከፋፈለ ወረቀቷ ነው። ስለሆነም «አላለፉም» የሚለው መልስ የሰውየው ሙያ መለኪያ ተደርጎ በቤተሰብ ውስጥ መወሰድ የለበትም።

ስለ ሕጉም ጥቂት እንበል። ኒው ዮርክ ከተማ ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚጠቀም ቀጣሪ መሣሪያው አድልዎ እንዳለበትና እንደሌለበት በገለልተኛ ወገን እንዲያስመረምርና ለአመልካቾችም አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ታስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረትም ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጸናው ሕጉ ሠራተኛ የሚመርጡ መሣሪያዎችን ከፍተኛ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መካከል መድቧቸዋል።

በአገራችን ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ በ2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። በዚያው ዓመት የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ስለ ሰዎች መረጃ አያያዝ ይደነግጋል፤ በመሣሪያ ብቻ የሚሰጥን ውሳኔ በሚመለከትም ለባለ ጉዳዩ መብት ይሰጣል። አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከላይ የተጠቀሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ሴቶች በጾታቸው ምክንያት በቅጥርና በክፍያ እንዳይለዩ ይከለክላል። ከዚህም አልፎ ለሥራ ወይም ለዕድገት ሲወዳደሩ ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካመጡ ቅድሚያ ለሴት እንዲሰጥ ያዛል። እንግዲህ አንድ የአገራችን ቀጣሪ ነገ «እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው የጣላት» ቢል ሊያመልጥ አይገባውም። ወንፊቱን የያዘው እርሱ ነውና። ቀጣሪው በውጭ አገር ሲሆን ግን የአገራችንን ሕግ ይዞ መከራከር ቀላል ስለማይሆን አመልካቿ ከመነሻው ልትጠነቀቅ ይገባል።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ ማመልከቻ የሚጽፉ እኅቶች የሚከተሉትን ቢያስተውሉ ይጠቀማሉ።

አንደኛ፣ ዘመናትን ሁሉ በአንድ አቆጣጠር መጻፍ ነው። ለውጭ ድርጅት የሚላክ ከሆነ ሁሉም በፈረንጆች ይሁን። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባሉት ወራት ልዩነቱ ሰባት፣ በቀሩት ወራት ስምንት ዓመት መሆኑንም አለመዘንጋት ነው።

ሁለተኛ፣ ስምን በዲግሪው፣ በመታወቂያውና በማመልከቻው ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፍ መጻፍ ነው። የእኛ አገር ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። ቅጹ ያንን ሲጠይቅ አንድ ጊዜ የአባትን፣ ሌላ ጊዜ የአያትን ስም መሙላት አንዷን ሴት ሁለት ሴት ያደርጋታል።

ሦስተኛ፣ መግለጫውን ያለ ሠንጠረዥ፣ ያለ ጌጥና ያለ ፎቶግራፍ፣ ከላይ ወደ ታች በሚነበብ መልክ ማዘጋጀት ነው። በኮምፒዩተር ጽሑፍ ቤት የሚሠሩት አምረው የተከፋፈሉ መግለጫዎች ለዓይን ቢያምሩም ማሽኑን ያደናግሩታል። ማስታወቂያው የጠየቀውን ችሎታ በእርግጥ ካላት፣ ማስታወቂያው በተጠቀመበት ቃል መጻፍ ይረዳታል። የሌላትን መጻፍ ግን ማሽኑን ቢያታልል ፈተናው ላይ ያጋልጣታል።

አራተኛውና ዋናው፣ በቤት የቆዩበትን ዘመን ባዶ አለመተው ነው። ይህን ስንነግራት የዓለም ባንኳ እናት፣ «ምን ብዬ ልጻፍ? ቤት ነው የተቀመጥኩት» አለች። ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፍ እንድታጫውተን ስንጠይቃት ግን የሰፈሩ የሴቶች እቁብ ሂሳብ ያዥ እርሷ እንደሆነች፣ የዕድሩንም መዝገብ ለሦስት ዓመት እንደያዘች፣ በየወሩ ገቢና ወጪውን አስታርቃ ለአባላት እንደምታቀርብ ሰማን። ይህ የሂሳብ ሥራ አይደለምን? ደመወዝ ስላልተከፈለበት ብቻ ሥራ መሆኑን ራሷም ዘንግታዋለች። ማሽኑ ቀርቶ እርሷም ራሷን አላየችም ነበር። «ከ2013 እስከ 2018 ዓ.ም. ቤተሰብ በማስታመምና ልጆች በማሳደግ ላይ፤ በዚሁ ጊዜ የእቁብና የዕድር ሂሳብ ያዥ» ብላ ስትጽፍ፣ ከዕድሩ ሊቀ መንበርም ማስረጃ ስትጠይቅ፣ ባዶ የነበረው ቦታ ሞላ።

ቀጣሪዎችም ሊያስቡበት የሚገባ አለ። መሣሪያ መጠቀማቸውን በማስታወቂያቸው ይግለጹ። መሣሪያው የጣላቸውን ማመልከቻዎች አልፎ አልፎ በሰው ዓይን ይመርምሩ። ከጣላቸው ውስጥ ሴቶች ስንት እንደሆኑ ይቁጠሩ። ከሥራ ርቆ መቆየትን ብቻውን መጣያ አያድርጉ። «ለምን ተጣልኩ?» ብሎ ለሚጠይቅም መልስ የሚሰጥ ሰው ይመድቡ።

ቤተሰብ ደግሞ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ሥራ ፈልጋ መልስ የተነፈገች ሚስት ወይም ልጅ ማሽኑ ያላትን ቤተሰቡም ከደገመላት ሁለት ጊዜ ትወድቃለች። ዘመድ የሌለው መሣሪያ ፍርዱ ትክክል ነው ብሎ ማመን ቀላል ነው። ነገር ግን አምስት ዓመት ሙሉ ያቺ ሴት ምን ስትሠራ እንደነበረች ከማሽኑ ይልቅ በቤቱ ያሉት ያውቃሉ። ምስክርነቱም ከእነርሱ ይጠበቃል።

የዓለም ባንኳ እናት መግለጫዋን አስተካክላ እንደገና ሁለት ቦታ አመልክታለች። አንደኛው እንደ ፊተኛው ወዲያው ጥሏታል። ሁለተኛው፣ ማመልከቻ በሰው እጅ የሚቀበል የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤት ነው፤ ለጽሑፍ ፈተና ጠርቷታል። ይህን ዓምድ ስናዘጋጅ ውጤቱ ገና አልታወቀም። ለፈተናው የምታጠናው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። በሌሊት ተነሥቶ ውሃ የሚቀዳው አሁን ባለቤቷ እንደሆነ ነግራናለች።